ከእንጦጦ ተዳፋት የሚዛቅ አፈርና ሕጉ

ጥያቄ፦ በእንጦጦ ራጉኤል አካባቢ ችግኝ የሚያፈሉ አንባቢ፣ የደን አፈርና ኮምፖስት በጆንያ መሸጥ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ሁለቱ ሸቀጦች በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነትን ለመንግሥትና ለሕዝብ ስለሰጠ፣ የእንጦጦን የላይ አፈር፣ ማለትም ብስባሽ ቅጠል የተቀላቀለበትንና ለምነቱን የያዘውን ስስ ሽፋን፣ ማንም እንደ ግል ንብረቱ ዝቆ ሊሸጠው አይችልም። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ተዳፋቱን ከሸፈነው ባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳ፣ ሽፋኑ የተነሣበት ተዳፋት በክረምት ዝናብ ታጥቦ ወደ አዲስ አበባ ወንዞች ይወርዳል፤ ያ አፈር ደግሞ በአንድ ትውልድ ዕድሜ አይተካም።

ኮምፖስት ግን ከተረፈ ምርትና ከፍግ በማብላላት የሚገኝ የሰው ሥራ ውጤት በመሆኑ ሊሸጥ ይችላል፤ ሆኖም በንግድ ደረጃ የሚያቀርበው ሰው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። በ1991 ዓ.ም. የማዳበሪያ ማምረትና ንግድ አዋጅ ቢወጣም፣ የመንግሥት ትኩረት በአብዛኛው ከውጭ በሚገቡት እንደ ዩሪያ ባሉ ማዳበሪያዎች ላይ ስለነበረ (ይህም ለጆንያ ኮምፖስት ገዢ ብዙም አልጠቀመም)፣ የኮምፖስቱን ጥራት መመርመር በተግባር ለገዢው የተተወ ይመስላል።

ችግኝ ለማፍላት ግን የደን አፈር የግድ አይደለም፤ በችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው ድብልቅ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ሲሆን፣ አፈሩን ለቤት መሠረት ከተቆፈረ መሬት በባለይዞታው ፈቃድ ማግኘት ይቻላል።