ከቧንቧው እስከ ጭላሎ፦ የውሃ ኢስራፍ



የዛሬው ርእሳችን ኢስራፍ ማለትም ብክነት ነው። ኢስራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሠርግ የሚደፋውን ምግብ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ አሰላ ውስጥ በአንድ መስጂድ የውዱእ ቦታ ያገኘኋቸው አዛውንት ናቸው። ቧንቧውን ከፍቼ ከጎኔ ካለ ሰው ጋር ሳወራ እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት። ጊዜው ክረምት ነበርና በመስጂዱ አጠገብ የደፈረሰ ጎርፍ ይወርድ ነበር። ወደ ጎርፉ እያመለከቱ «ልጄ፣ ይህንን እኔ ዘጋሁልህ፤ ያንን ግን ማን ይዘጋልናል?» አሉኝ። አፈርኩ፤ መልስም አልነበረኝም።

በመጀመሪያ የቧንቧውን እንመልከት። ቤቴ ሄጄ ከቧንቧው ሥር ባልዲ አስቀምጬ ውዱእ አደረግሁ። የተጠራቀመው 5 ሊትር ያህል ሆነ። በማግስቱ በማንቆርቆሪያ ባደርግ 1 ሊትር በቃኝ። ልዩነቱ በአንድ ውዱእ 4 ሊትር፣ በአምስቱ ሶላት 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ነው። 200 ሰው የሚሰግድበት ጀመዓ እንደኔ ቢያባክን በቀን 200 ጀሪካን ውሃ ይደፋል ማለት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሶች ተዘግቧል። ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ሙሉ ሲሆን ከ1 ሊትር ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ኢስራፍ የተራራው ነው። ጭላሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። አሰላ ከግርጌው፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ተራራው አስታውና ኮሶው፣ ጽዱና ሣሩ ሲኖረው ዝናቡን ያዘገየዋል፤ አፈሩ ይጠጣዋል፤ በበጋም በምንጭ መልሶ ይሰጠናል። ስለዚህ ጭላሎ ያለ ሲሚንቶ የተሠራ ታንከራችን ነው። ዛፉ ሲቆረጥና ገብሱ ወደ ዳገቱ ሲወጣ ግን ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ጥም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አዛውንቱ ያሳዩኝ የደፈረሰ ውሃ በበጋ የምንፈልገው ውሃ ነበር፤ የጠረገውም ገበሬው የሚያርሰውን አፈር ነው።

ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ መለጠፍ አልፈልግም። እኛ ቤተሰብ ራሳችን ከምንጭ ራስ ላይ የነበረውን የአገር ዛፍ ቆርጠን ባሕር ዛፍ ተከልን። ባሕር ዛፉ ቤት ሠርቶልናል፤ ማገዶ ሆኖናል፤ ተሽጦም ገንዘብ አስገኝቶልናል። ይህን አልክድም። ምንጩ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በበጋ መፍሰሱን አቆመ። እናታችን በእርጅናዋ ከሩቅ ወንዝ ውሃ እንድትቀዳ ያደረግናት እኛው ልጆቿ ነን። ባሕር ዛፍ ጠላት አይደለም፤ ቦታው ግን የምንጭ ራስ አይደለም።

ጉዳዩ በእኛ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ከአርሲ ተራሮች የሚነሳው የቀታር ወንዝ ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባል። የዝዋይ ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ መጨረሻው ነው፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ የለም። ይህ ሐይቅ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ ጨውነቱም በርትቶ ዓሣው ጠፍቷል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ለመስኖና ለሶዳ አሽ ማምረቻ የተወሰደው ውሃም አለበት። ሆኖም ከላይ ያለነው ምንጩን ካደረቅን ከታች ያለው ምን ይደርሰዋል? ይህ የጎረቤት ሐቅ አይደለምን?

ውሃ ያጡ ሰዎች እንዴት እንደያዙት ማየትም ይጠቅማል። በኢራን መካከል የምትገኘው የያዝድ ከተማ በዓመት ከ100 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ ነው የምታገኘው። ሕዝቧ ከተራራ ሥር ያለውን ውሃ ቃናት በሚባል የምድር ውስጥ ቦይ እየሳበ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ድርሻው የሚለካው ከሥሩ በተበሳ የመዳብ ሳህን ነበር። ሳህኑ ውሃ ላይ ተንሳፎ፣ ሞልቶ ሲሰምጥ የአንዱ ተራ አልቆ የሌላው ይጀምራል። ዩኔስኮ የፋርስ ቃናቶችን እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ነገር ግን በዚያም አገር ሰው ለየራሱ ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈረ በሞተር መሳብ ሲጀምር ብዙ ቃናቶች ደርቀዋል። ውሃን ያቆየው ሳህኑ ሳይሆን የጋራ መተሳሰቡ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በየመስጂዱ ከቧንቧው ጎን ማንቆርቆሪያ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የመስጂዱ ጣሪያ አሸንዳና ታንከር ይኑረው። 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ውሃ ነው፤ በማንቆርቆሪያ 2,000 ውዱእ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በገጠር የቤተሰብ መሬት ያለን ከተሜዎች የምንጩን ራስ አጥረን ኮሶና ጽድ እንትከል። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2011 ተከልሏል። ነገር ግን ከየቤታችን ጀርባ ያለውን ምንጭ የሚከልል ከእኛ ሌላ ማንም የለም።

እኔና ወንድሞቼ ከምንጩ ራስ ያለውን ባሕር ዛፍ ነቅለን በምትኩ ኮሶ ተክለናል። ምንጩ ይመለስ አይመለስ የሚያውቀው አላህ ነው። ችግኝ በእጃችን ሳለ የዓለም ፍጻሜ ቢመጣ እንኳ እንድንተክለው ያስተማሩን ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮች ነንና ውጤቱን ሳናይ መትከል ግዳችን ነው። ለእኚያ አዛውንትም ያለኝ መልስ ይኸው ነው።

ወላሁ አዕለም።