መቅደላን በእግር ማንበብ፦ የአምባው ምሽግ አቀማመጥና የዙር ጉዞ ትምህርታዊ ፋይዳ

መግቢያ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚመላለስ ሰው ከተማዋን የሚያውቃት መንደር በመንደር፣ ጎዳና በጎዳና ነው። ታቦር ተራራን ሲወጣ ግን ሐይቁና ከተማዋ በአንድ ዕይታ ይገቡለታል፤ ቤቱ ለምን በዚያ፣ መንገዱ ለምን በዚህ እንደሆነ ያለ አስረጅ ይረዳል። ከፍታን በእግር መውጣት የቦታን ትርጉም ይገልጣል። ለታሪክ ተማሪ ይህ ዘዴ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው የጦር ምሽግ የነበሩ ተራሮችን ሲያጠና ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዘዴውን በደቡብ ወሎ በሚገኘው የመቅደላ አምባ ላይ መሞከር ነው። ስለ መቅደላ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱት የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ሰዓትና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ናቸው። ጽሑፉ የሚከራከረው ግን መቅደላ አንድ አምባ ብቻ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የተያያዘ ምሽግ እንደነበረ፣ እያንዳንዱም ደረጃ በተለየ ምክንያት እንደወደቀ ነው። ይህንንም ቦታዎቹን በቅደም ተከተል የሚዞር እግረኛ በግልጽ ሊያየው ይችላል።

የምሽጉ አቀማመጥ

መቅደላ ከበሽሎ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው። ብቻውን ግን አይደለም። ከበሽሎ የሚወጣ መንገደኛ በመጀመሪያ አሮጌ ከተባለው ሜዳ ይደርሳል። ከሜዳው በላይ ፋላና ሥላሴ የተባሉ ሁለት ከፍታዎች ቆመዋል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዝቅ ያለ ኮርቻ መሰል መሬት ነው። ከዚያ ወዲያ እስላምጌ የተባለው ደልዳላ ቦታ ይዘረጋል። መቅደላ የሚነሣው ከእስላምጌ ጫፍ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚያደርሰው ጠባብና ቀጥ ያለ መንገድ በበር የተዘጋ ነበር። ስለዚህ ምሽጉን በዋናነት የሠራው ተፈጥሮ ነው፤ የሰው እጅ የጨመረው በሩን፣ አጥሩንና መድፎቹን ነው።

ዙሩ ከአሮጌ ቢነሣ፣ በፋላ ወጥቶ እስላምጌን አቋርጦ መቅደላ ቢደርስና በሥላሴ በኩል ቢመለስ፣ እግረኛው የ1860 ዓ.ም. ጦርነት በተካሄደበት ቅደም ተከተል ይጓዛል። መንገዱ ልዩ የተራራ መሣሪያ ባይጠይቅም ቁልቁለቱና ዳገቱ ጉልበትን ይፈትናል። በክረምት መሬቱ ስለሚያንሸራትት በበጋ ማለዳ መነሣት ይመረጣል።

የሦስቱ ደረጃዎች አወዳደቅ

የመጀመሪያው ደረጃ አሮጌ ነው። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በሽሎን ተሻግሮ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ወደ ሜዳው ወጣ። ከፋላ ቁልቁል ሲታይ የጠላት ጭነት ጠባቂ የሌለው መሰለ። ንጉሠ ነገሥቱም ሠራዊታቸው ከከፍታው ወርዶ እንዲገጥም ፈቀዱ። ከፋላ የተተኮሱት መድፎች ከጠላት ራስ በላይ አለፉ፤ ወደ ሜዳው የወረደውን ጦር ደግሞ ከኋላ የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃና የባሕር ኃይሉ ሮኬት ጠበቁት። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ያህል ሲሆኑ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። በፋላ ጫፍ የቆመ እግረኛ ከሜዳው ጋር ያለውን የከፍታ ልዩነት ሲያይ ስሕተቱን ይረዳል፦ ያ ጦር ሲወርድ የምሽጉን ጥቅም ከኋላው ትቶ ነበር።

ሁለተኛው ደረጃ ፋላና ሥላሴ ናቸው። አቀማመጣቸውን ለሚያይ፣ ቁርጠኛ ጦር ቢኖርባቸው ብዙ ደም የሚያስከፍሉ ቦታዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ ያለ ውጊያ ተያዙ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች መሣሪያቸውን አስረከቡ። ምክንያቱን መሬቱ አይናገርም። የአሮጌው እልቂት ልብ ሰብሮ ነበር፤ ከዚያም በፊት አገሩ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ወጥቷል። የትግራዩ ካሣ ምርጫ ለናፒየር መንገድ ሰጥቷል፤ ከመቅደላ በስተኋላ ያለውን መውጫ የወሎዋ ወይዘሮ መስታወት ሰዎች ዘግተውታል።

ሦስተኛው ደረጃ የመቅደላ በር ነው። በሩን ለማፍረስ የተመደቡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ባሩዱንና መሰላሉን ሳይዙ በመምጣታቸው ወታደሮቹ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ገቡ። ሆኖም የቀሩት ተከላካዮች ጥቂት ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት በዚያ በር አቅራቢያ ሕይወታቸውን በገዛ ሽጉጣቸው አጠፉ።

የመንገዱ ምጸት

በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው፣ ወደ 7 ቶን የሚገመተው ሴባስቶፖል፣ ከ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ከአምስት ወር በላይ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ለዚህ ሲባል በጅዳና በበሽሎ ገደሎች ላይ መንገድ ተቆርጧል። የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲቃረብ የተጠቀመው ከፊሉን በዚሁ መንገድ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለራሳቸው መድፍ ያበጁት ጎዳና ለባላጋራቸው አገለገለ። የአገር ግንባታ ምኞታቸውንና የመጨረሻ ዘመናቸውን ብቸኝነት ይህን ያህል አጣምሮ የሚያሳይ ሌላ ቅርስ አይገኝም።

ማጠቃለያ

እንግሊዞች ከአራት ቀን በኋላ አምባውንና የመድኃኔዓለምን ቤተ ክርስቲያን አቃጠሉ፤ የዘረፉትን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ጭነው ወደ ደላንታ ወሰዱ፤ በዚያም በጨረታ ሸጡት። የተወሰደው እንዲመለስ መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሊወሰድ ያልቻለ አንድ ቅርስ በቦታው አለ፤ እርሱም መሬቱ ነው። አሮጌ፣ ፋላ፣ ሥላሴና እስላምጌ በስማቸው ካልተጠቆሙ፣ የአካባቢው ሰው መሪና ተጠቃሚ ካልሆነ፣ የቀሩት ድንጋዮችም ለአጥርና ለቤት ከተነሡ፣ ያ ቅርስ ሳይሰረቅ ይጠፋል።

ስለዚህ መቅደላን የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን በቀጥታ ወደ ሴባስቶፖል ከመውሰድ ይልቅ ከአሮጌ ቢያስነሣቸው ይመረጣል። ከታች ወደ ላይ የተጓዘ ተማሪ ገደል ብቻውን ምሽግ እንደማይሆን፣ ምሽግ የሚጸናው በላዩ የቆመው ሰው እስከጸና ድረስ መሆኑን በእግሩ ተምሮ ይመለሳል።