ስለ ቪአር መነጽር አመራረጥ፤ በጥቂት ገንዘብ ለሚነግድ ሰው

አዲስ ቅዳም ስሟ እንደሚመሰክረው የገበያ ከተማ ናት። በፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ከሰል የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ከታች ያለው ጉማጅ ይሁን ብናኝ አስቀድሞ ይመረምራል። ይህ ልማድ ከባሕር ማዶ ለሚመጣ አዲስ ዕቃም ሊሠራበት ይገባል።

የቪአር መነጽር በዐይን ላይ ታስሮ ለግራና ለቀኝ ዐይን የተለያየ ምስል በማሳየት፣ የለበሰው ሰው በምስሉ ውስጥ የቆመ እንዲመስለው የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ወጣቶችን በተራ እያስከፈለ የሚያጫውት የጌም ቤት ባለቤት ይህን ዕቃ ለመግዛት ቢያስብ፣ አራት ነገሮችን ማጥናት ይገባዋል።

አንደኛ፤ ዓይነቱን መለየት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጎግል ያወጣው የካርቶን መነጽርና መሰሎቹ ስልክ ተከቶባቸው የሚሠሩ ናቸው። ዋጋቸው አነስተኛ ቢሆንም የራስን መዞር እንጂ የእግርን እርምጃ አይከተሉም። ራሱን የቻለው ዓይነት ግን ማሳያውንና ኮምፒውተሩን በውስጡ የያዘ ነው። ሜታ ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ኩዌስት 3ን በ499 ዶላር፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኩዌስት 3ኤስን በ299 ዶላር ገደማ አውጥቷል። የሁለቱ አንጎለ ኮምፒውተር አንድ ሲሆን፣ ዋናው ልዩነት በሌንሱና በምስሉ ጥራት ላይ ነው። ስለዚህ ለጨዋታ ቤት ርካሹ ይበቃል።

ሁለተኛ፤ የዕቃውን ዕድሜ መጠየቅ ነው። ኦኩለስ ጎ በ2018 እ.ኤ.አ. በ199 ዶላር ወጥቶ በ2020 ሽያጩ ተቋረጠ፤ አዲስ ፕሮግራም መቀበሉም ቆመ። ዕቃው ሳይሰበር ገበያው ሞተ ማለት ነው። ያገለገለ መነጽር በርካሽ ሲቀርብ፣ ሠሪው ፕሮግራሙን እስከ መቼ እንደሚያድስለት ሳይረጋገጥ መግዛት አይገባም።

ሦስተኛ፤ የሚለብሰውን ሰው ማሰብ ነው። በሁለቱ የዐይን ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል። ኩዌስት 3ኤስ በ58፣ በ63 እና በ68 ሚሊሜትር ይስተካከላል፤ ካልተስተካከለ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ራስንም ያሳምማል። ለመጫወቻው 2 ሜትር በ2 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ፊት የሚነካው ክፍል ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ መጽዳት አለበት። ሌንሱ ፀሐይ ቢመታው ጨረሩን አሰባስቦ ማሳያውን ስለሚያቃጥል፣ በሱቅ መስኮት ላይ ማሳየት ክልክል ነው።

አራተኛ፤ ሙሉውን ወጪ ማስላት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ የትናንቱ ሒሳብ ለዛሬ አያገለግልም። በዶላሩ ዋጋ ላይ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይደመራል። ኢንተርኔቱም ወጪ ነው። አብዛኛው ጨዋታ ለግል አገልግሎት የሚሸጥ ስለ ሆነ፣ ለሕዝብ አስከፍሎ ለማጫወት የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ አስተዋይ ነጋዴ በመጀመሪያ አንድ ብቻ ይገዛል፤ የየዕለቱን ገቢና ወጪ በመዝገብ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን የሚገዛው የመጀመሪያው ዋጋውን ከመለሰ በኋላ ነው።