ከአንጎል ደም ሥር ምርመራ በኋላ ዓይን ቢጨልም

ጥያቄ፦ አባቴ አዲስ አበባ የአንጎል ደም ሥር ምርመራ (አንጂዮግራፊ) ተደርጎላቸው ከሰዓታት በኋላ ማየት አቃታቸው፤ በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ተመለሰ። ምን ነበር? ምርመራው ድጋሚ ቢታዘዝስ? (ከጊምቢቹ)

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ የተጎዳው ዓይናቸው ሳይሆን፣ ዓይን የላከውን የሚተረጉመው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ይመስላል። በምርመራው በብሽሽት ወይም በእጅ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ደም ሥሩን በራጅ የሚያሳየው ኮንትራስት ይረጫል። መድኃኒቱ አንዳንዴ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን መከላከያ አልፎ ያንን ክፍል ያውከዋል። ምልክቱ ብሌን ላይ ይታያል፤ ታካሚው «ምንም አይታየኝም» እያሉ ባትሪ ሲበራባቸው ብሌናቸው ይጠባል። ስለዚህ «ዓይናቸው ደህና ነው፣ ፈርተው ነው» ማለት በደል ነው። በብዙ ሪፖርቶች ችግሩ የሚደርሰው ከ100 ታካሚዎች በ1 ግድም ወይም ከዚያ ባነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በ3 ቀን ውስጥ ይለቃል።

«በራሱ ከለቀቀ ምን ያጣድፋል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ፣ የረጋ ደም የኋለኛውን ደም ሥር ሲዘጋም ታካሚው የሚናገሩት ያንኑ ነው፤ ስትሮክ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱን የሚለየው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ እንጂ መጠበቅ አይደለም። ጊምቢቹ ከገቡ በኋላ እንኳ ቢደርስ ሳያድሩ ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ድጋሚ ምርመራ ጨርሶ የተከለከለ አይደለም። ሆኖም የደረሰባቸውን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ያለ ኮንትራስት በኤምአርአይ ማየት ይበቃ እንደሆነም ይጠይቁ። የተሰጣቸው ኮንትራስት ስምና መጠን በሕክምና ወረቀታቸው ላይ እንዲጻፍላቸው ያስደርጉ።