ስለ ሁለገብ መትረየስ አሠራር

አያቴ በወጣትነታቸው ወታደር ሳሉ የመትረየስ ጥይት ተሸካሚ ነበሩ። ዛሬ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ባለፈው ክረምት «ተማሪ ቤት ምን ያስተምሩሃል?» ብለው ቢጠይቁኝ «ስለ ሙቀትና ስለ ግፊት» አልኋቸው። «እንግዲያው መትረየስ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለሃ!» አሉኝ። እኔ ግን አላውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

«መትረየስ» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛው «ሚትራዬዝ» የመጣ ነው። በገዛ ኃይሉ እየጎረሰ የሚተኩሰውን የመጀመሪያ መትረየስ ሂራም ማክሲም የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት (1914-1918) ጊዜ መትረየስ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ይኸውም አንደኛው በአብዛኛው በውሃ የሚቀዘቅዝና ለመጓጓዝ የሚያስቸግር ከባድ፣ ሁለተኛው አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ ቀላል ነው። የሁለቱን ሥራ ለአንድ መሣሪያ የሰጡት በ1930ዎቹ ጀርመኖች ናቸው። «ሁለገብ» መባሉም ስለዚህ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው በ1950ዎቹ ዓመታት በቤልጅግ አገር፣ ኤፍ.ኤን. በተባለው ፋብሪካ፣ ኤርነስት ቬርቪዬ የነደፈውን «ማግ» ነው። ክብደቱ 12 ኪሎ ያህል፣ የአፈሙዙ ስፋት 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ ከ650 እስከ 1000 ጥይት ይተኩሳል።

1ኛ/ ግፊት። ባሩዱ ሲቃጠል ጋዙ እርሳሱን ወደ ፊት ይገፋል። ከጋዙም ጥቂቱ በአፈሙዙ ላይ ባለች ቀዳዳ ሾልኮ ፒስቶኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ መዝጊያው ይከፈትና ባዶው ቀለህ ይወጣል። ሞላው መዝጊያውን ወደ ፊት ሲመልሰው ደግሞ ከዝናሩ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ቃታው እስኪለቀቅ ድረስ ይኸው ይደጋገማል።

2ኛ/ ሙቀት። ውሃ ስለሌለው የሚያቀዘቅዘው አየር ብቻ ነው። ስለዚህ አፈሙዙ ሲግል በእጀታው ተይዞ ይነቀልና ሌላ ይተካበታል፤ የሠለጠነ ወታደር ይህን በጥቂት ሴኮንድ ይፈጽመዋል። ተኩሱ ሲቆምም መዝጊያው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ይህም አየር እንዲገባና በጋለው ብረት ውስጥ የተቀመጠ ጥይት በራሱ እንዳይፈነዳ ነው።

3ኛ/ መቆሚያ። በሁለት እግሩ ሲቆም እስከ 800 ሜትር፣ በሦስት እግር ላይ ሲታሰር እስከ 1800 ሜትር ድረስ ያገለግላል። በመኪናና በሄሊኮፕተር ላይም ይገጠማል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንዱ ጥይት ከነቀለሁ 24 ግራም ያህል ይመዝናል። 1000 ጥይት እንግዲህ 24 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። መሣሪያው በአንዲት ደቂቃ የራሱን ክብደት እጥፍ ሊበላ ይችላል። ያንን የሚሸከመው ግን ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለአያቴ አነበብሁላቸው። ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ልክ ነው፣ እንዲሁ ነው የሚሠራው» አሉ። ቀጥለውም «ጥይቱ ከየት እንደሚነሣ ጽፈሃል፤ ማን ዘንድ እንደሚያርፍ ግን አልጻፍህም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ያየሁት ሥዕል ሁሉ የሚያልቀው ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ ነበር። እኛ የነገ መሐንዲሶች ለመሆን የምንመኝ ተማሪዎች ግን ከዚያ ጫፍ ወዲያ ያለውንም ማሰብ ይገባናል።