ጎረቤቱን ዝም የሚያሰኝ ራዲዮ

በሀይሌ ጋርመንት በሚገኝ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት የኤፍ ኤም ራዲዮዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው በ107.8 ሜጋ ኸርዝ የኢትዮ ኤፍ ኤምን ድምፅ አጥርቶ ያሰማል። ደንበኛው ሁለተኛውን ራዲዮ ወደ ኤፍ ኤም አዲስ፣ ማለት ወደ 97.1 ሲያዞረው ግን የፊተኛው ድምፅ በድንገት ይታፈናል። ገዢው «ይኸኛው የተበላሸ ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ባለሱቁም ጉድለት የሌለበትን ዕቃ ለአስመጪው ይመልሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በተለመደው አሠራር የተሠራ ራዲዮ የጣቢያውን ሞገድ እንደ መጣ አያጎላውም። ኦሲሌተር የተባለው የውስጥ ክፍል የራሱን ሞገድ አመንጭቶ ከመጣው ጋር ያዋህዳል፤ የሁለቱም ልዩነት ዘወትር 10.7 ሜጋ ኸርዝ እንዲሆን ተደርጎ ተሠርቷል። ጣቢያው ከሌሎች የሚለየውና የሚጎላውም በዚሁ ቋሚ ልክ ነው። ኦሲሌተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከጣቢያው በላይ ስለሚሠራ፣ ራዲዮው 97.1ን ሲይዝ 10.7 ተደምሮበት ኦሲሌተሩ በ107.8 ይሠራል። ይህ ሞገድ በሚገባ ካልታገደ ወደ ውጭ ይወጣና እንደ ትንሽ ማሠራጫ ሆኖ የጎረቤቱ ራዲዮ የሚይዘውን ጣቢያ ይጋርዳል። እንግዲህ ጉድለቱ ዝም ባለው ራዲዮ ሳይሆን ዝም ባሰኘው ላይ ነው።

ነጋዴው ብዙ ዕቃ ከማዘዙ በፊት ናሙናውን ያለ ልዩ መሣሪያ ሊፈትነው ይችላል። አንዱን ራዲዮ በ107.8 ላይ ትቶ፣ የሚፈትነውን በ97.1 ላይ አድርጎ ያቅርበው፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ያርቀው። የታፈነው ድምፅ በምን ያህል ርቀት እንደሚመለስ በሜትር ይለካ፤ ርቀቱ ባነሰ መጠን የሚፈተነው ራዲዮ የተሻለ ነው። ናሙናዎች ሲወዳደሩ የሚያዳምጠው ራዲዮ፣ ቦታውና የአንቴናዎቹ ርዝመት አይለወጡ። በአንድ ቺፕ የተሠሩ ብዙ አዳዲስ ራዲዮዎች ከ10.7 እጅግ ባነሰ ልክ ስለሚሠሩ ይህ ፈተና አይመለከታቸውም።

በአምራቹ ወረቀት ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ይታዩ። ደካማ ጣቢያን የመያዝ ችሎታ በማይክሮቮልት ሲጻፍ ቁጥሩ ያነሰው ይሻላል። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ጣቢያዎችን የመለየት ችሎታ በዴሲቤል ይጻፋል፤ በዚህ ግን ቁጥሩ የበለጠው ይሻላል። በጩኸቱ ብርታት ብቻ ዕቃ የሚመርጥ ነጋዴ ጎረቤቱን ዝም የሚያሰኘውን ገዝቶ ደኅናውን ይመልሳል።