ወተት የማይስማማውን ሕፃን ምን እናብላው?

በጅቡቲ ከተማ ሕፃን ሲከሳብን ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ቆርቆሮ ወተት ነው። ነገር ግን ወተት ሲቀምስ ገላው ሽፍ የሚልበት፣ የሚያስመልሰው ወይም ከንፈሩ የሚያብጥ ሕፃን አለ። ይህ አለርጂ ይባላል፤ የሚመጣውም ሰውነቱ የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። በሽታውን ሐኪም ይለየው።

የላሙን በፍየል ወተት መተካት አይበጅም፤ ፕሮቲናቸው ስለሚመሳሰል ሕመሙ ይመለሳል። የአኩሪ አተር ወተትም የማይስማማቸው ልጆች አሉ። የግመል ወተትም ያለ ሐኪም ምክር አይሞከር።

ታዲያ ምን እንስጠው? የምታጠባ እናት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ታጥባው። ዓመት ለሞላው ልጅ በዘይት የተሠራ የምስር ወይም የሽሮ ወጥ በእንጀራ ፈትፍተን፣ እንቁላልና እሾሁ የወጣ ዓሣ ጨምረን እናብላው። ጤፍና ጎመን ለአጥንቱ ካልሲየም ይሰጡታል። አዲስ ምግብ ግን አንድ በአንድ ይጀመር።

ቅቤ፣ እርጎና አይብም ያው ወተት ናቸው። በታሸገ ምግብ ላይ የፈረንሳይኛው «ሌ» ወይም የዓረብኛው «ሐሊብ» መኖሩን ማንበብ በሚችል ሰው እናስነብብ። ለከሱ ሕፃናት የሚታደለው ፕላምፒ ነትም የወተት ዱቄት ስላለበት ለጤና ሠራተኛው አስቀድመን እንናገር።

ትንፋሽ ካጠረው ወይም ፊቱ ካበጠ ሳንዘገይ ወደ ፔልቲየር ሆስፒታል እንውሰደው።